ክረምት ሳይገባ የሚከራዩ ክፍሎችን እንዴት እናዘጋጅ? ውሃ ከገባ በኋላስ?

ጥያቄው፦ ሰላም። ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው የምንኖረው። እናቴ ከዋናው ቤት ጀርባ ያሉ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች ታከራያለች፤ ሁለቱ የጭቃ፣ ሦስቱ የብሎኬት ናቸው። ባለፈው ነሐሴ ሌሊቱን ዘንቦ ሦስቱ ክፍሎች ውስጥ ውሃ ገባ፣ ቁርጭምጭሚት ድረስ። የአንዱ ተከራይ ፍሪጅ ተበላሸ። የተማሪዎቹ ክፍል ተቆልፎ ስለነበር የከፈትነው ከቀናት በኋላ ነው። አንዱ ተከራይ የዚያን ወር ኪራይ አልከፍልም ብሎ እስካሁን ከእናቴ ጋር ተኳርፈዋል። ለሚመጣው ክረምት ምን እናዘጋጅ? እንደገና ቢገባስ ቤቱን እንዴት ነው የምናነሳው? ግድግዳው ቀለም ብንቀባውም አሁንም ይላጣል።

ምላሽ፦

ሰላም እህቴ። ብዙ ሰው የማይጠቅሳቸውን ሁለት ነገሮች ስለጻፍሽ ሥራዬን አቅልለሽልኛል። ክፍሎቹ ከዋናው ቤት ጀርባ መሆናቸውንና አንዱ ክፍል ተቆልፎ መክረሙን። እዚሁ ባሕር ዳር የሚከራዩ ግቢዎችን በማየትና በመጠገን ሥራ ላይ ነው ያለሁት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጉዳቱን የሚያከብዱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ከኋላ የተሠራው ክፍል ወለሉ ዝቅ ያለ መሆኑ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለና በሌሊት ማን ምን እንደሚያደርግ አለመታወቁ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ልበል። እናትሽ ብቻቸውን የሚያደርጉት ዝግጅት ግማሽ ዝግጅት ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው ተከራዩን ነው። ዋናው የመብራት ማጥፊያ የት እንዳለ፣ የግቢው ቁልፍ ማን ጋ እንደሆነ፣ ዕቃው የት እንደሚወጣ ተከራዩ ካላወቀ የገዛችሁት ሲሚንቶና አሸዋ አያድንም። ከታች የምጽፈውን ሁሉ ከተከራዮቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁ የምታደርጉት አድርገሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ። ሐይቅ ዳር ስለምንኖር ጎርፍ ሲባል ሁሉም ሰው ወደ ጣና ያያል። በ1998 ክረምት ፎገራንና ደምቢያን ያጥለቀለቀው ዓይነት ጎርፍ አለ፣ ያ የወንዝና የሐይቅ ነው፣ ሜዳውን ነው የሚይዘው። ከተማው ውስጥ የሐምሌና የነሐሴ የሌሊት ውሃ ግን በአብዛኛው ከሰማይ ወርዶ መውጫ ያጣ ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው፣ ከተማው ደግሞ ሜዳ ስለሆነ ውሃው ቁልቁል የሚሮጥበት የለውም። ጣና ራሱ ጫፍ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፣ ወንዞቹ ያመጡት ተጠራቅሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ። ይሄ ለእናንተ ምን ማለት ነው? በሐምሌና በነሐሴ የምትፈሩት የጣራና የመንገድ ውሃ ነው። በመስከረም ደግሞ ከመሬት ወደ ላይ የሚወጣው እርጥበትና የሚሞላው የሽንት ቤት ጉድጓድ። መፍትሔያቸው አንድ አይደለም።

ጣራውን አስቢው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የአምስቱ ክፍሎች ጣራ 80 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ሌሊት 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,200 ሊትር ይወርዳል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል 16 ሙሉ። የዋናው ቤት ጣራ ገና አልተቆጠረም። አሸንዳ ከሌለ ይሄ ሁሉ ግድግዳው ሥር ነው የሚፈሰው። አሸንዳ ካለም መውረጃ ቱቦው ውሃውን እዚያው በሩ ፊት የሚደፋ ከሆነ ምንም አልተሠራም። ቱቦውን አስረዝማችሁ እስከ ቦዩ ድረስ አድርሱት። አሸንዳውን ደግሞ ግንቦት ላይ አጽዱት፤ የባሕር ዛፍና የማንጎ ቅጠል ሞልቶት የሚገኘው ብዙ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ መንገዱ ነው። በብዙ ግቢ የማየው እንዲህ ነው፤ ግቢው ድሮ ሲሠራ መንገዱ ከግቢው ዝቅ ያለ ነበር። ከዚያ ጠጠር ተደፋ፣ ኮብልስቶን መጣ፣ መንገዱ ከፍ አለ፣ ግቢው እዚያው ቀረ። ሰርቪስ ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚሠራው፣ በተረፈው ቦታ፣ በተረፈው ብሎኬት፣ ወለሉም ከግቢው ጋር እኩል ሆኖ። ቀድሞ ውሃው በዚያ በኩል ወደ ጎረቤት ያልፍ ነበር፤ ጎረቤት አጥሩን ግንብ ሲያደርግ መውጫው ተዘጋ። እናትሽ ያላጠፉትን ጥፋት ነው ክፍሎቹ የሚከፍሉት፣ ግን መፍትሔው ያው ከግቢው ይጀምራል።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይዘሽ ግቢው ውስጥ ቁሚና በስልክሽ ቅረጪ። ውሃው በየት ገባ፣ የት ቆመ፣ በየት ለመውጣት ሞከረ። ያ ቪዲዮ ለግንበኛው ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል። ከዚያ በውሃ ልክ ቱቦ፣ ማለትም ግንበኞች ከፍታ በሚለኩበት ውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ፣ የመንገዱን፣ የግቢውንና የየክፍሉን ወለል ከፍታ አስለኩ። ግንበኛው ዓይን በቃኝ ካለሽ እሺ አትበይው፣ ሜዳ መሬት ላይ ዓይን ያታልላል።

ከተለካ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። ከግድግዳው ሥር እስከ አንድ ሜትር ስፋት ድረስ መሬቱ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል፣ በአንድ ሜትር ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ማስነጠፍ። ከዚያ ዳር ውሃውን ሰብስቦ ወደ መንገዱ ቦይ የሚወስድ ቦይ። መንገዱ ከግቢው ከፍ ያለ ከሆነ ግን ቦዩ ውሃውን ወደ እናንተ ይመልሰዋል፤ ያኔ ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ በአጥሩ ሥር ቱቦ ማሳለፍ ወይም ውሃውን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሰብስቦ በፓምፕ ማውጣት ነው ያለው ምርጫ። ከጎረቤት ጋር የምትነጋገሩት ታዲያ በበጋ ይሁን። በዝናብ መሃል የሚነሳ የአጥር ጨዋታ ጠብ ነው የሚሆነው።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ብዙ ሰው "ማስረጊያ ጉድጓድ አስቆፍር" ተብሎ ብሩን ይጨርሳል። መሬታችሁ ጥቁር ዋልካ ከሆነ በክረምት ውሃ አይቀበልም፣ ሲረጥብ አብጦ ይዘጋል፤ ሐይቁ አጠገብ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ጉድጓዱ ከታች ራሱን ይሞላል። አንድ ክንድ ያህል ቆፍራችሁ ባልዲ ውሃ ድፉበትና ከሰዓታት በኋላ እዩት። ውሃው እዚያው ካለ ማስረጊያ ለእናንተ ግቢ አይሆንም።

በሮቹ ላይ ደፍ ሥሩ። ቁርጭምጭሚት ድረስ ከገባ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የብሎኬት ደፍ፣ በሁለቱም በኩል በደንብ የተለሰነ፣ ብዙ ሌሊቶችን ያሳልፋችኋል። አረጋውያን ወይም ሕፃናት ያሉበት ክፍል ከሆነ ከውጭ በኩል አንድ ደረጃ ጨምሩለት እንዳይደናቀፉ። አሸዋ በማዳበሪያ ጆንያ ሞልቶ ማዘጋጀትም ጥሩ ነው፣ ግን ጆንያው ጢም ብሎ አይሞላ፤ ከግማሽ ትንሽ በለጥ ያለ ሲሆን ነው ተደላድሎ የሚቀመጠው፣ ከሥሩም ላስቲክ ይነጠፋል። ብዙ ሰው በሩን ብቻ ይዘጋና ውሃው በሽንት ቤቱ ቀዳዳና በሻወሩ መውረጃ ከውስጥ ይመጣበታል። አሸዋ የተሞላ ወፍራም ፌስታል እዚያ ላይም ይቀመጥ።

የጭቃዎቹ ሁለት ክፍሎች የበለጠ ትኩረት ይፈልጋሉ። የብሎኬት ግድግዳ ይረጥባል፣ ይደርቃል። የጭቃ ግድግዳ ግን ሥሩ ሲርስ ጭቃው ይወርዳል፣ ከዚያ መሬት ውስጥ የተተከለው ባሕር ዛፍ ይበሰብሳል፣ ግድግዳው ከላይ ደህና መስሎ ከታች ባዶ ይሆናል። አሁን በጋ ሳለ በየማዕዘኑና በሩ አጠገብ ያሉትን እንጨቶች ከመሬቱ አፍ ላይ በሚስማር ውጉ። ሚስማሩ ያለ መዶሻ ዘልቆ ከገባ እንጨቱ አልቋል፣ ይቀየር። ዙሪያውን ከመሬት እስከ ጉልበት በድንጋይ ማስከበብ ብሩ ከተገኘ ከሁሉ የሚበልጥ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ ልምጣ፤ ሰው የሚገድለው ውሃው ሳይሆን እሱ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በየግቢው የማየው አንድ ዓይነት ነው። አንድ ቆጣሪ ለሁሉም፣ ዋናው ብሬከር አከራይዋ ሳሎን ውስጥ፣ ወደ ኋላ በቀጭን ሽቦ የተሳበ መስመር፣ ክፍሎቹ ውስጥ ወለል ላይ የተጋደመ ኤክስቴንሽን። ውሃ ሲገባ ተከራዩ በጨለማ፣ በባዶ እግሩ፣ ኤክስቴንሽኑ የተነከረበት ውሃ ውስጥ ነው የሚቆመው፣ ማጥፊያው ደግሞ የተቆለፈ ቤት ውስጥ ነው። ይሄ መቀየር አለበት። ለሰርቪሶቹ ብቻ የሚሆን ማጥፊያ ዝናብ በማይመታው፣ ተከራዮቹ በደረቅ እግር ሊደርሱበት በሚችሉት ቦታ፣ ከደረት ከፍታ በላይ ይተከል። እዚያው ላይ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በራሱ የሚያጠፋውን ብሬከር፣ ባለ 30 ሚሊ አምፒሩን፣ አስገጥሙ። ከተራው ብሬከር ይወደዳል። ተራው ብሬከር ግን ሽቦውን ነው የሚጠብቀው፣ ሰው አያድንም። የመሬት መስመሩም ለስሙ ሳይሆን በእውነት መሬት የተቀበረ መሆኑን ባለሙያው ለክቶ ያሳያችሁ።

ሶኬቶቹን ከወለሉ 1 ሜትር ከ20 ያህል ከፍ አድርጓቸው። ምጣድ ያለው ተከራይ ካለ ደግሞ ለብቻው መስመር ይሳብ። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፣ በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ነው፤ ይሄን ለመብራት በተሳበ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ መስካት እሳት መጋበዝ ነው። ባለ 4፣ ርቀቱ ረዘም ካለ ባለ 6 ሽቦ ይሁን። "ምጣድ አይቻልም" ብሎ መከልከል አይሠራም፣ ሰው እንጀራ መብላት ስላለበት ተደብቆ ይሰካዋል።

ከእሳት ጋር የሚሄደው ሌላው ነገር መውጫ ነው። አንድ በር፣ አንድ በፍርግርግ ብረት የታጠረ መስኮት፣ ከውጭ ደግሞ ማታ በቁልፍ የሚዘጋ የግቢ በር። ሌባ እንዳይገባ የተሠራው ሁሉ ሰው እንዳይወጣ ያደርጋል። የመስኮቱን ብረት አውጥታችሁ ጣሉ አልልም፣ ሌባው እውነት ነው። ግን ቢያንስ የአንዱን መስኮት ብረት በማጠፊያ አሠርታችሁ ከውስጥ በኩል ያለ ቁልፍ በሚከፈት መወርወሪያ እንዲዘጋ አድርጉ። የግቢው በር ማታ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን፤ ካልሆነም እያንዳንዱ ተከራይ ቁልፍ ይኑረው። ግቢው ውስጥ አንድ ባለ 6 ኪሎ የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያና አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። ለኤሌክትሪክና ለዘይት እሳት ውሃ አይደፋም፣ ይህን ለልጆቹም ንገሩ። ቤንዚን በጀሪካን ክፍል ውስጥ ማሳደር ደግሞ፣ ነዳጅ ቢጠፋም ባይጠፋም፣ በውሉ ላይ የተከለከለ ይሁን።

ወደ ተማሪዎቹ ልመለስ። በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ በፖሊና በፔዳ፣ አካባቢ ያሉ አከራዮች ይህን በደንብ ያውቁታል፦ ሐምሌ ላይ ተማሪው ቆልፎ አገር ቤት ይሄዳል፣ ፍራሹ ወለል ላይ፣ መጻሕፍቱ በካርቶን፣ ስልኩ ቆላ ሲገባ አይሠራም። ውሃው ገብቶ እዚያው ይሰነብታል፣ ግድግዳው ከውስጥ ይጠጣዋል፣ የጎረቤቱም ክፍል ይበላሻል። በሩን ሰብሮ መግባት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት ፍራሹ ከወለል ይነሳ፣ ሁሉም ነገር ከሶኬት ይነቀል፣ አንድ ቁልፍ በታሸገ ፖስታ ተከራዩ ፈርሞበት እናትሽ ጋ ይቀመጥ። ውሉ ላይም "ውሃ ወይም እሳት ከተነሳ ሌላ ተከራይ ባለበት ይከፈታል" የሚል አንድ መስመር ይግባ። ተከራዩ አምኖ የሚሰጠው እንዲህ ሲሆን ነው።

ይህን ሁሉ ግንቦት ላይ አንድ እሑድ ቡና አፍልታችሁ ተነጋገሩበት። እናትሽ ያፍሉ፣ ሁሉም ተከራይ ይምጣ። ማጥፊያውን ሁሉም በእጁ አጥፍቶ ያብራው። የመብራት 905ን፣ በአቅራቢያችሁ ያለውን የፖሊስ ጣቢያና የእሳት አደጋ ስልክ፣ የአንድ ኤሌክትሪሺያንና የአንድ ባለ ባጃጅ ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ማጥፊያው አጠገብ ለጥፉ። በወረቀት ያልኩት ኔትወርክ የሚጠፋበትን ቀን ሁላችንም ስለምናውቀው ነው። ስልክ ካልሠራ ማን በእግሩ ሄዶ ማንን ይጠራል፣ በሰዓት እላፊ ጊዜስ ከጎረቤት የትኛው ቤት ይንኳኳል፣ ያም ይወሰን። የእድራችሁ ድንኳንና ወንበር ለለቅሶ ብቻ መሆን የለበትም፤ ዳኛውን አስቀድማችሁ ብታናግሩት ዕቃ ለማስጠለል ይሆናል። ተከራዮች ብዙ ጊዜ የእድር አባል ስላልሆኑ በአደጋ ቀን የሚደርስላቸው አያገኙም፣ ይሄ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

በዚያው ቀን የየክፍሉን ፎቶ አንሱ፣ ግድግዳ፣ ወለል፣ ሶኬት፣ የተከራዩንም ትልልቅ ዕቃ። ለሁለታችሁም በቴሌግራም ይላክ። የቤቱ ካርታና ውሉ በላስቲክ ታሽገው ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ።

ውሃው ከመጣ፦ መጀመሪያ መብራት ማጥፋት። ማጥፊያው ጋ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም የሚያስፈልግ ከሆነ አይነካ፣ 905 ይደወል፣ ሰው ይውጣ። ከዚያ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ወደ ዋናው ቤት። ዕቃ ከዚያ በኋላ ነው። ልጆችን ክፍት የመንገድ ቦይ አጠገብ አትልቀቁ፣ ሞልቶ ሲፈስ ቦዩና መንገዱ አይለይም።

ሲነጋ ሰው ሁሉ መጥረግ ይጀምራል። ከመጥረጋችሁ በፊት ፎቶ፣ ውሃው ግድግዳው ላይ የተወው መስመር ጭምር። ከዚያ ጭቃውን ገና እርጥብ ሳለ አውጡት፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ወለሉንና የግድግዳውን ሥር መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፣ ቀጥሎ አንድ ኩባያ በረኪና በ20 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ወልውሉ፤ በሮችና መስኮቶች ተከፍተው። በረኪናን ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ውሃ የነካው ፍሪጅ ፀሐይ ላይ ስለዋለ ደርቋል ማለት አይደለም፣ ባለሙያ ሳይከፍተው አይሰካ። ሶኬቶቹና መስመሩም እንዲሁ፤ ኤሌክትሪሺያኑ በሜገር፣ ሽቦው ኤሌክትሪክ ማፍሰስ አለማፍሰሱን በሚለካው መሣሪያ፣ ለክቶ ደህና ነው ሳይል ማጥፊያው አይበራ።

አሁን የሚላጠው ግድግዳሽ። መልሱ አጭር ነው፦ ሳይደርቅ ነው የተቀባው። ብሎኬትና ልስን ከውስጥ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፣ በባሕር ዳር ነሐሴና መስከረም አየር ደግሞ ጭራሽ አይደርቁም። ላዩ ነጭ ሲሆን የደረቀ ይመስላል፣ ቀለም ሲደረብበት ውሃው መውጫ ያጣና ቀለሙን ይገፈትረዋል። ነጭ ዱቄት የመሰለው ነገር ውሃው ይዞት የወጣው ጨው ነው። መፈተኛው እንዲህ ነው፤ አንድ ክንድ ያህል ግልጽ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከውስጡ ጤዛ ካለ ገና ነው። ስለዚህ አሁን የተላጠውን ቀለም ሙሉ በሙሉ ፋቁት፣ የላላውን ልስን እስከ ብሎኬቱ አውርዱት፣ ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ በውሃ አትጠቡት፣ ክፍት ይክረም። የሚቀጥለው ክረምት ውሃ ካስገባ ደግሞ ቀለም እስከ ኅዳር አይታሰብ። የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ አትለስኑት። ጭቃው ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውሃ ውስጥ ይቀራል። ጭድ ያለው በደንብ የቦካ ጭቃ ነው መድኃኒቱ፣ ዝናቡ ካበቃ በኋላ።

ክፍሉን ቶሎ ለማድረቅ ከሰል አንድዶ በር መዝጋት የሚባል ነገር አለ። እባካችሁ። የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ሰውየው ራሱን አሞት እንቅልፍ መጣብኝ ብሎ ይተኛል፣ አይነሳም። ተከራዮቹ በብርድና በእርጥብ ልብስ ሲሆኑ ደግሞ ይሄን ለማድረግ ይገፋፋሉ፣ ስለዚህ ለዚያ ሌሊት ማደሪያ ሳሎናችሁን ብትሰጧቸው ሕይወት ማዳን ነው። ራስ ምታትና ማስመለስ የጀመረው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ሐኪም ቤት ይሂድ። ጄኔሬተርም ቢሆን ከቤት ውጭ ነው ቦታው።

የግቢ ጉድጓድ ካላችሁ ጎርፍ ከገባበት ውሃው አይጠጣም፤ ተቀድቶ፣ በክሎሪን ታክሞ፣ እስኪጸዳ ድረስ ለመጠጥ የሚሆነው ይፈላ፣ ወይም ውሃ አጋር በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ይጨመርበት። የሽንት ቤት ጉድጓዳችሁና የውሃ ጉድጓዳችሁ ከ30 ሜትር በታች ከተቀራረቡ ግን በክረምት ለመጠጥ ባትጠቀሙበት እመክራለሁ፣ ጎርፍ ባይገባበትም። ተቅማጥ የጀመረው ሰው በእናትሽ ግቢ ካለ ቤት ውስጥ አይታከም፣ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የወባ ነገር ደግሞ የሚመጣው ዝናቡ ሲያቆም ነው፣ መስከረምና ጥቅምት። የቆመውን ውሃ አፍስሱ፣ የረጠበ አጎበር አስጥታችሁ መልሳችሁ ስቀሉ፤ የአጎበሩ ማድረቂያ ግን ጥላ ይሁን፣ ፀሐይ መድኃኒቱን ያዳክመዋል።

የቀረው ኩርፊያው ነው። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፦ ሰውዬው ሊተኛበት ባልቻለበት ክፍል ላይ ኪራይ መጠየቅ አይገባም፣ የወሩን ሙሉ መከልከልም አይገባም። ክፍሉ ውሃ ውስጥ የነበረበትና የደረቀበት ቀናት ይቆጠሩ፣ ያ ይቀነስ፣ የቀረው ይከፈል። ፎቶው ለዚህ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ዋና ዋናውን ጥገና አከራይ ላይ፣ ጥቃቅኑን ተከራይ ላይ ነው የሚጥለው። የፍሪጁ ጉዳይ ይለያል። እናትሽ ውሃ እንደሚገባ እያወቁ ሳይነግሩት ያከራዩት ከሆነ የማስጠገኛውን ቢካፈሉ ትክክል ነው። ለእርሳቸውም ያልተጠበቀ ከሆነ ግን ጫናውን በሙሉ እርሳቸው ላይ መጣል ከባድ ነው። ሁለት ሽማግሌ በቂ ነው፣ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ነገር አላየሁበትም።

ለወደፊቱ ግን ሁሉም በጽሑፍ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ነው የሚለው፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ። ስለ አፈጻጸሙ ክፍለ ከተማችሁ ጠይቁ። ውሉ ላይ ሦስት ነገር ጨምሩ፦ ክፍሉ መኖር የማይቻልበት ከሆነ ኪራዩ ከስንተኛው ቀን እንደሚቆም፣ እስኪጠገን ተከራዩ የት እንደሚያርፍ፣ ተከራዩ ሌሊት በራሱ ብር ያሠራውን አስቸኳይ ጥገና እስከ ምን ያህል ድረስ ደረሰኝ አምጥቶ ከኪራዩ እንደሚቀንስ። የመጨረሻው በተለይ ብዙ ክፍል ያድናል፤ ተከራዩ "ብከፍልም አይመለስልኝም" ብሎ ዝም ስለሚል ትንሹ ቀዳዳ ትልቅ ይሆናል።

ለጥገና ከየወሩ ኪራይ አንድ አሥረኛውን ለብቻ በሌላ የባንክ ሒሳብ አስቀምጡ። ኢንሹራንስ ከፈለጋችሁ የእሳትና የመብረቅ ዋስትና የሚባለው ነው መነሻው። ጎርፍና ማዕበል ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ከፍላችሁ የምታስገቡት ስለሆነ ተካትቷል ወይ ብላችሁ በጽሑፍ አስጽፉ። ዋጋውን ዝቅ አድርጋችሁ አታስመዝግቡ፤ ቤቱ ከሚያወጣው ግማሹን ብቻ ካስመዘገባችሁ ለደረሰው ጉዳትም የሚከፈላችሁ ግማሹ ነው። የተከራዩ ዕቃ በእናንተ ዋስትና ውስጥ እንደማይገባም ለተከራዮቹ ከወዲሁ ንገሯቸው።

ብሩ ለሁሉም ካልበቃ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያዙት፤ መጀመሪያ የመብራት ማጥፊያው፣ ቀጥሎ የግቢው በርና የመስኮቱ ብረት፣ ከዚያ አሸንዳና ደፍ፣ ቦዩና ንጣፉ ለሚቀጥለው በጋ ቢያድርም ግድ የለም። የውሃ ልኩን ካስለካሽ በኋላ የመንገዱንና የወለሉን ቁጥር ከቪዲዮው ጋር ጻፊልኝ፣ ቦዩ በየት በኩል መሄድ እንዳለበት ያኔ ተያይተን እንወስናለን።